የአሉሚኒየም ክሎራይዱ መምህር፦ የጋዲሳ ቦሩ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጋዲሳ ቦሩ ከአባታቸው ከአቶ ቦሩ ገዳና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዱሬቲ ኤባ በ1950 ዓ.ም. ሰበታ አካባቢ ተወለዱ። በ1974 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመርቀው መምህር ሆኑ። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘነበወርቅ ጥሩነህ ጋር ትዳር መሥርተው ቤቴል ሰፈር ጎጆ ቀለሱ፤ ሌሊሴንና ኤልናታንንም አፈሩ።

እዚያው ሰፈር ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ጡረታቸው አስተማሩ። አዮኒክና ኮቫለንት ውሕዶችን የሚያስለዩት ከቤታቸው ጓዳ በወጣ ጨውና ስኳር ነበር። ሁለቱን በየብርጭቆው አሟሙተው ሽቦ፣ ባትሪ ድንጋይና ትንሽ አምፖል ያያይዛሉ፤ በአዮኒኩ በጨዉ ውኃ አምፖሉ ይበራል፣ በኮቫለንቱ በስኳሩ ወይ ፍንክች። በዚያ ሰሞን ቤተሰቡ ሻይ ያለ ስኳር ይጠጣ እንደነበር ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሁሌም እየሳቁ ያነሱታል።

ሜታል ከነን-ሜታል፣ ማለትም ብረት ነክ ንጥረ ነገር ብረት ነክ ካልሆነ ጋር፣ ሲጣመር ሁልጊዜ አዮኒክ ነው ብለውም ያስተምሩ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ፈተና ላይ አሉሚኒየም ክሎራይድን ጠየቁ። ክፍሉ ሁሉ እንደተማረው አዮኒክ አለ፤ የገዛ ልጃቸው ሌሊሴ ብቻ ኮቫለንት ብላ ጻፈች፤ ኤክስ አደረጉባት። እሷ እቴ፣ መች ልትለቅ! መጽሐፍ ይዛ መጣች። ጨው ለመቅለጥ ከስምንት መቶ ዲግሪ በላይ ሲፈልግ አሉሚኒየም ክሎራይድ ገና በመቶ ሰማንያ ይተናል፤ አቶሞቹም ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ልጅቷ ልክ ነበረች።

ጭንቁ እዚህ ላይ መጣ። ያቺ ነጥብ ሌሊሴን ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ታወጣለች፤ ሰው ደግሞ ለልጁ ማርክ ሰጠ ይላል። ባለቤታቸውን አማከሩ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ «የሰው አፍ ፈርተህ የልጅቷን እውነት ልትቀማት ነው?» አሏቸው። በማግስቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ተማሪና መምህር ፊት ቆመው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ልክ የሆነችው ሌሊሴ ናት» አሉ። ወረቀቶቹንም ሌላ መምህር እንዲያርማቸው ሰጡ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው አሉሚኒየም ክሎራይድ ሆኖ ቀረ፤ አየር ጤና ታክሲ ፌርማታ ላይ እንኳ በዚህ ስም ሲጠሩ ደስ ብሏቸው ዞር ይሉ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው አሉ።

ይህን ታሪክ የጻፈችው ሌሊሴ ናት፤ ሳያርፉ ረቂቁን አንብባላቸዋለች። «በሥራቸው ተሳስተው የማያውቁ» የሚለው ጋ ስትደርስ አስቆሟት። «እሱን አውጪው፤ ተማሪዎቼ ለቅሶ ላይ ይስቁብሻል። የተሳሳትኩትን ጻፊ» አሏት። እንዳሉት ተጽፏል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን። መሳቅ ያማራችሁም ሳቁ፤ እሳቸው ፈቅደዋል።