ለቤቱ የሚበቃ ምድጃ

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ ብረት በያጁ ሰይድ ከውጫሌ መጥቶ ክፍሎቹን ለካ። ቤቱን በሙሉ የሚያሞቅ፣ ጭሱ በቱቦ የሚወጣ የእንጨት ምድጃ ሥራልኝ ብዬው ነበር። ትልቁ ይሁን ትንሹ መወሰን አቃተኝ።

ቤቱን ያሠራሁት ጅዳ ሆኜ ነው። ብርድ እንዳይገባ ብዬ ኮርኒሱንም መስታወቱንም በስልክ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። አሮጌው ቤት በየሽንቁሩ ይተነፍስ ነበር፤ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የከሰል ማንደጃ አጠገቡ አድርጎ ተኝቶበታል። በአዲሱ ቤት ግን አንዱን የብርድ ወቅት እንኳ አልጨረሰም፤ ከሰሉ አፍኖ ገደለው። ለለቅሶው የመጣሁ ዕለት የክፍሉን መስኮት በድንጋይ ሰበርኩት። እናቴ እዚያው ነው የምትተኛው። ብርዱ ሌት ተቀን ያስላታል። እኔ ግን መስታወት ማስገባት አልሆነልኝም።

ሰይድ መስኮቱን አይቶ፣ "ወላሂ፣ ይህ ካልተዘጋ ትልቁም ቢሆን ደጁን ነው የሚያሞቅልሽ" አለኝ።

"አይዘጋም። ትልቁን ሥራው" አልኩት።

ደንግጦ አየኝ። "መስታወቱን ማን ሰበረው?"

ልመልስለት ስል እናቴ ጋቢዋን ወደ አንገቷ እየሳበች ቀደመችኝ።

"ንፋስ ነው" አለችው።