ፊልትሮ ካልሲ ነው እንዴ?

ጥር 6
የሚኒባሷን ዘይት ቀየርኩ። ፊልትሮዋን፣ የዘይት ማጣሪያዋን ማለቴ ነው፣ ግን አልጣልኳት! ባለፈው ያስገጠምኳት የምትታጠበዋ ናት... ውስጧ የብረት ወንፊት ያላት። ካርቶኗን ይዤ ለአማቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ታጥቦ እንደገና የሚገጠም!» ሳልንተባተብ! የማታ ትምህርት የገባሁት ለዚህች ቀን ነው። ጭብጨባ ጠበቅሁ።
«ፊልትሮ ካልሲ ነው እንዴ የሚታጠበው?» አሉና በቀረቻቸው አንድ ጥርስ ሳቁብኝ።
«ዘመኑ ነው አባባ።»
«ዘመኑን ተወው። መኪናዬን አንድ ነገር ቢያገኛት ቁልፌን ታስረክበኛለህ።»
መኪናዋ የሳቸው፣ መሪው የኔ። ከመሪ ብወርድ ምን ልሆን ነው? ደራሲ? ... ያምርብኝ ነበር እኮ።

ጥር 7
አጠብኳት። ነጭ ጋዝ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኳት፣ ጥቁሩ ለቀቀ... አልጠገብኩም። የድስት መፈተጊያ ሽቦ አነሳሁና ከውጪ በኩል ፈተግኳት። አበራች! ፊቴን አየሁባት። ቆንጆ ነኝ።
ባለቤቴ መጣች። «ሽቦዬስ?»
«ለቁም ነገር ፈልጌው ነው።»
«ድስቴ ቀልድ ነው?»
ሽቦዋን አለቅልቄ መለስኩላት።
አድርቄ፣ ላስቲክ ቀለበቷን ቀይሬ ገጠምኳት።

ጥር 8
ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ፊልትሮዬ አውቋል። አንዲት እናት ሳይደርሱ ወረዱ።

ጥር 15
ጉድ ፈላ።
ተራ ስንጠብቅ ሹፌሮቹ አላመኑኝም። «ታጥባ አበራች? እስቲ እንያት!» መች እምቢ እላለሁ... ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ፈታኋት። ወንፊቷ ላይ ብረት ጭል ጭል ይላል። ስብርባሪ ብረት!
አንዱ ኮፍያውን አወለቀ። «ሞተርህ ራሱን እየበላ ነው። ነፍስ ይማር።»
ልደብቅ? ብነዳት ሞተሩ ነክሶ ይቆማል፣ ብናገር ቁልፉ ይሄዳል... እዚያው አቁሜያት በእግሬ ሄድኩና ለአማቴ ነገርኳቸው። እጃቸውን ብቻ ዘረጉ። ቁልፉን ሰጠሁ። አንድም ቀልድ አልመጣልኝም።

ጥር 16
አስጎትተን መካኒኩ ዘንድ ወሰድናት። ብረቱን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ወደ ብርሃን አስጠጋው።
«ከሞተር የሚወጣ ብረት እንደ ፀጉር አይጠቀለልም። በምንድን ነው ያጠብካት?»
ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።
«አንተን እኮ ነው!»
«በ... ድስት ሽቦ። ከውጪ በኩል ብቻ።»
እሱ ሳቀ፣ አማቴ ሳቁ፣ ጎማ ሲለጥፍ የነበረው ሰውዬ ሥራውን ትቶ ሳቀ።
«እንኳን ከውጪ ፈተግካት!» አለ መካኒኩ። «ዘይቱ ከውጪ ወደ ውስጥ ስለሚያልፍ የሽቦህን ስብርባሪ ወንፊቷ ራሷ ይዛልሃለች። በውስጥ በኩል ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ይውጠው ነበር።»
ዘይቱን አየው፣ ሞተሩን አዳመጠው... ጤነኛ! ወንፊቷም አልተቀደደችም። በነጭ ጋዝ አጥቦ በአየር ነፋልኝ። መዝለል አማረኝ። ዘለልኩ።
ቁልፉ ግን ከአማቴ ኪስ አልወጣም።
እቤት ገብቼ ካርቶኗን እንደገና አየኋት። «ታጥቦ እንደገና የሚገጠም» ካለ በኋላ «በለስላሳ ብሩሽ ብቻ» ይላል! ለካ ጭብጨባ ስጠብቅ ማንበቤን አቁሜ ኖሯል...

ጥር 17
ተራው ሁሉ «ሽቦው» እያለ ይጠራኛል አሉ። ይጥሩኝ! የራሱ ስም የወጣለት ሹፌር ስንት አለ?
ጠዋት አማቴ መጡ። ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አደረጉልኝ፣ ከሱም ጋር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር። ፈታሁት... የጥርስ ብሩሽ!
«ለስላሳ ነው» አሉ።
«እርስዎስ አባባ?»
«ለአንድ ጥርስ ጣቴ ይበቃኛል። ይልቅ ያችን ካርቶን አምጣና ጨርሰህ አንብብልኝ።»
ቆሜ አነበብኩላቸው። ቃል ሳልዘል፣ ቀና ብዬ ሳላይ፣ እስከ ታች። አራት ነጥቡ ጋ ስደርስ አጨበጨቡልኝ።