የወንድሜ ጉልበት

ሴፕቴምበር 14፣ 1943፣ ማክሰኞ

ገና ሳይነጋ በጥሩንባ ቀሰቀሱን። ዝናብ። ሰልፍ፣ ትምህርት፣ ልምምድ፣ ደግሞ ሰልፍ። ነገ የፊዚክስ ፈተና አለ፤ አንድ ገጽ እንኳ አላነበብኩም።

የፊዚክስ መምህሩ ስኮትላንዳዊ ነው። ዛሬም "ኳስ አቅፎ መሮጥ ምኑ ነው እግር ኳስ?" ብሎ በአሜሪካ እግር ኳሳችን አሾፈብን።

ማሊያው አሁንም ሰውነቴን ይበላኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ "ይውደሙ!" ስላቸው የኖርኩት ኮሌጅ ማሊያ! ምን ይደረግ… ባሕር ኃይል ከራሴ ኮሌጅ ነቅሎ እዚህ አመጣኝ፤ ተማር አለኝ፣ ተጫወት አለኝ። በኔ ኮሌጅ የቀሩት ለአቅመ ዘመቻ ያልደረሱና የማይረቡ የተባሉ ብቻ ናቸው። ታናሼ ኦሪን አንዱ ነው፤ ለእነሱ ይጫወታል፣ ኦክቶበር 23 እንጋጠማለን። አስራ ሰባት ዓመቱ።

ሴፕቴምበር 25፣ ቅዳሜ

34 ለ 0 አሸነፍን። ማን ደስ ብሎት? ከመልበሻ ቤት ስንወጣ ስም ዝርዝር ተለጥፏል። ኖቬምበር 1 የሚሄዱ። ከዚያ ወዲያ መርከብ ነው። እኔ አለሁበት፤ የክፍል ጓደኛዬ ቬርኖንም አለበት።

"ፓስፊክን በነፃ ሊያስጎበኙን ነው!" አለ ቬርኖን። በቀልዱ ማንም አልሳቀም።

ለአንድ ቀን ቤት ልሂድ ብዬ ጠየቅሁ። አይቻልም።

ኦክቶበር 5፣ ማክሰኞ

ከእማዬ ደብዳቤ። አራት ጊዜ አነበብኩት።

"ልጄ፣ ይህን ለአባትህ አልነገርኩም። ኦሪን ከጨዋታችሁ በኋላ ሰኞ ዕለት ማሪን የሚባለው ጦር ሊገባ ነው፤ ዕድሜው ስላልሞላ አባትህ እፈርምልሃለሁ ብሎታል። የጎረቤታችን ልጅ ክላረንስ ጉልበቱ ተሰብሮ ሠራዊቱ እንደመለሰው ታውቃለህ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን እናቱ ጎን ቁጭ ይላል። ቀናሁባት፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ጉልበት ይድናል። ሃልቮር ግን ከባሕር አልወጣም። ኳስ ሜዳ ላይ ሰው ቢሰበር ማንም አይጠየቅበትም። እባክህ።"

ሃልቮር ታላቃችን ነበር። አምና ከነመርከቡ ሰጠመ።

እናቴ ናት እንዲህ የምትለኝ? በገና ዝይ ሲታረድ ፊቷን የምታዞረው እናቴ?

ኦክቶበር 6

ደብዳቤውን ቀደድኩት። ምን ዋጋ አለው፣ በቃሌ ይዤዋለሁ።

ኦክቶበር 12፣ ማክሰኞ

ልምምድ ላይ የሰው ፊት ማየት ተውኩ። የማየው ጉልበት ብቻ ነው። አሠልጣኛችን ብራንት ጠራኝ።

"ያ ኦሪን የሚሉት ፈጣን ልጅ ወንድምህ ነው አሉ?"

"አዎ ጌታዬ።"

"እሰይ! እንግዲያው አንተው ታስቆምልኛለህ።"

ማታ ለኦሪን ስልክ ደወልኩ። ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈቀደው። ትንሽ ቆይ፣ እስኪጠሩህ ጠብቅ፣ እማዬን እያት አልኩት።

"አንተ ዘምተህ እኔ ላም ላልብ? ሙት በለኝ!" አለ እየሳቀ።

ብሰብረው ወንድሜን ሰበርኩ። ብተወው… ወዴት ልግባ? ዙሪያው አጥር ነው። ታምሜያለሁ ብልስ? ሐኪሙ እንደሆነ አስፕሪን ሰጥቶ ነው የሚያባርረኝ።

ኦክቶበር 22፣ ዓርብ

ነገ ነው። እግዚአብሔር ሆይ፣ ዝናብ አዝንብና ጨዋታው ይሰረዝ።

ኦክቶበር 24፣ እሁድ

አልዘነበም።

ሆስፒታል ሆኜ ነው የምጽፈው። የሆነውን ልጻፈው።

ከዕረፍት በፊት ኦሪን ኳሱን አቅፎ ብቻውን መጣ። በእሱና በእኔ መሃል ማንም የለም። ቀኝ እግሩን ተክሎ ሊታጠፍ ሲል ጉልበቱ ፊት ለፊቴ ነው። ዝቅ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ደረቱን አቀፍኩትና ቀስ ብዬ አስተኛሁት።

"ምነው፣ እንቁላል ነኝ እንዴ?" አለኝ ሥሬ ተኝቶ። ፊቱ ግን አልሳቀም።

ደስ አለኝ! አላደረግኩትም። ሰው ነኝ አልኩ ለራሴ።

ከዕረፍት በኋላ ኳሱ እጄ ገባ። በግራ በኩል እየሮጥኩ ነበር። ኦሪን ከጎን መጣ… ዝቅ ብሎ፣ በጣም ዝቅ ብሎ። ጉልበቴ ቀጭ አለ። ቬርኖን ከሜዳው ዳር ሆኖ ሰማሁት ብሎኛል። ቀና ስል ኦሪን ተንበርክኮ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ቬርኖን ሊደበድበው ተነሳ፤ ያዙት።

ጉልበቴ አለቀለት። ሐኪሙ "ለአንተ ጦርነቱ እዚህ ላይ አበቃ" አለኝ። እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ።

ኦክቶበር 26፣ ማክሰኞ

ኦሪን መጣ። ኮፍያውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ።

"ትናንት ፈረምኩ" አለ።

"አውቀህ ነው?"

"እማዬ ለኔም ጽፋልኝ ነበር።"

ዝናቡ ዛሬ ነው የመጣው።

"ስታቅፈኝ አወቅሁ" አለ። "ላንተም እንደጻፈችልህ። እሱ እኔን መስበር አይችልም አልኩ በልቤ። አንተ ደግሞ በሚመጣው ሰኞ ወደ መርከብ ልትሄድ ነበር። ምን ላድርግ?"

ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ኮሪደሩ መጨረሻ ሳይደርስ ስሙን ጠራሁት። አልሰማኝም ወይም… እኔ እንጃ። ተነስቼ ልከተለው አልችልም።

ኖቬምበር 1

እነ ቬርኖን ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው።

ኖቬምበር 25፣ ሐሙስ፣ የምስጋና ቀን

ቤት ነኝ። አሰናበቱኝ። ምርኩዜን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ላም አልባለሁ። ኦሪን ከሄደ ሁለት ሳምንቱ። አባዬ ዝይ አረደ፤ ሦስት ሆነን አልጨረስነውም።

መስኮታችን ላይ የተሰቀለችው የዘማች ቤተሰብ ጨርቅ ሁለት ኮከብ አላት። ወርቃማው ለሞተው ለሃልቮር፣ ሰማያዊው ለዘማቹ፣ ለኔ። የኔን ፈትታ ለኦሪን ሌላ ትሰፋለች ብዬ ነበር።

"ክር ለምን አባክናለሁ?" አለች እማዬ። "ያው ሰማያዊ ነው። የሱ ይሁን።"

አባዬ ወደ ከብቶቹ ሲወጣ ጠየቅኋት። ስንት ቀን አፌ ላይ ይዤው ነበር።

"እማዬ፣ ለሁለታችንም ለምን ጻፍሽ?"

ሳህን እያጠበች ነበር። አልዞረችም።

"ሁለታችሁም እንድትቀሩልኝ ነዋ" አለች። "እሱ የድርሻውን አደረገ።"

ፎጣውን አንስቼ ሳህኖቹን ማድረቅ ጀመርኩ።