ወይዘሮ እማዋይሽ ስላስያዙት መገነዣ

ነፋስ ስልክ፣ ታኅሣሥ ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር ፊታውራሪ እንግዳ፣ ለግቢያችን ጌታ፣

ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጉልበትዎን ያጽናልዎ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ እያልን፣ በግቢዎ የምንኖር ተከራዮች ዝቅ ብለን እጅ እንነሳለን። ይህ ደብዳቤ በእድራችን ፊት የሚነበበው ምስጋናችንን ሰው ሁሉ እንዲሰማልዎ ብለን ነው።

አንደኛ፦ ዋስ ላጣን ሰዎች ዕቃ አስይዘን እንድንከራይ ስለፈቀዱልን እናመሰግናለን። ወኪልዎ ለታ መያዣውን ሲቀበለን፣ እርስዎ በረንዳዎ ላይ ቆመው «ለታ እጄ ነው፤ ለእሱ የሰጣችሁት ለእኔ ነው፤ ቤቴን ስትለቁ ትቀበላላችሁ» ብለውን ነበር። ልብስ ሰፊው አብዶ የከሰል ካውያውን ሰጠ፤ ካውያው ዛሬም የእርስዎን እጀ ጠባብ በመተኮስ ላይ ስለሆነ አልዛገም። ወይዘሮ እማዋይሽ ግን ልጅም ወርቅም የሌላቸው ሴት ናቸውና ለሞታቸው ቀን ያዘጋጁትን መገነዣ ሰጡ። ጥጡን በእጃቸው ፈትለው አሠርተውታል፣ ጸበል አስረጭተውታል፣ ጫፉ ላይም «ወለተ ሥላሴ» የሚለውን የክርስትና ስማቸውን በቀይ ክር አስጠልፈውበታል።

ሁለተኛ፦ ለታ ባለፈው ክረምት በድንገት ሲያርፍ፣ ቀብሩ እንዳይዘገይ ስላሳዩት ትጋት እናመሰግናለን። ዕለቱ እሑድ ስለነበረ ሱቅ ሁሉ ዝግ ነበር፤ እርስዎም ከመያዣው ሳጥን ነጭ ጨርቅ እንዲወጣ አዘዙ። ባለቤቴ ሂርጳ ከገናዦቹ አንዱ ነበር። ቀዩን ክር ያየው ካህናቱ ጸሎቱን ከጀመሩ በኋላ ስለነበር ጨርቁን ማስለወጥ አልቻለም፤ ቤት ገብቶ ግን ነገረኝ። ወኪልዎ በሴትዮዋ ስም ተቀብሯል።

ሦስተኛ፦ ስለ መልስዎ ማጠር እናመሰግናለን። ወይዘሮ እማዋይሽ ታመው መያዣቸውን ቢያስጠይቁ «እኔ እጅ አልገባም፤ የሰጣችሁትን ሰው ጠይቁ» አሉ። እሳቸውም ትእዛዝዎን አክብረው ይኸው ይጠይቁታል። ሲመሻሽ፣ ነፋሱ የግቢውን በር ሲያንኳኳ፣ ከአልጋቸው ቀና ብለው ለታን ይለምኑታል። እንደሚሉን ከሆነ፣ ጨርቃቸውን ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ሊመልስላቸው ይፈልጋል፣ ራቁቱን መቅረት ግን ያሳፍረዋል። በትንሣኤ ቀን ስማቸው ሲጠራ እሱ ተነሥቶ እሳቸው እንዳይቀሩ ይሰጋሉ። እኔ አላየሁትም። ነገር ግን ከመሸ ወደዚያ በር መሄድ ትቻለሁ፤ እፈራለሁ።

ጌታዬ፣ መቃብር ይቆፈር አላልንም። ኪራይ ሲሰበስብልዎ የእርስዎ እጅ የነበረው ሰው፣ መያዣ ሲጠፋ የሌላ ሰው እጅ ሆነ ቢሉን ግን ለመረዳት አቅም አጥተናል። ወይዘሮ እማዋይሽ ቤትዎን ሊለቁ ተቃርበዋልና በቃልዎ መሠረት ስማቸው ያለበት ሌላ መገነዣ አሠርተው እንዲመልሱላቸው፣ ራስዎም አልጋቸው አጠገብ ቀርበው «ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ ለታን ተዪው» እንዲሏቸው በትሕትና እንለምናለን። ያን ጊዜ ሁለቱም ያርፋሉ፤ እኛም እናርፋለን።

በቸርነትዎ ጥላ ሥር የምትኖር፣ ጥላው እየከበዳት የመጣ ታዛዥዎ፣
እፀገነት ዱጉማ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ሳላሽገው ወይዘሮ እማዋይሽ ዛሬ ጠዋት ቤትዎን ለቀቁ። የገነዝናቸው በእኔ አንሶላ ነው። ከቀብር ስንመለስ አዲሱ ወኪልዎ ክፍላቸውን ለሌላ ተከራይ እያሳየ ምን እንደሚያስይዝ ሲጠይቀው ደረስን። ከኢየሩሳሌም ያስመጡትን የራስዎን መገነዣ ለዚሁ ወኪልዎ በአደራ እንደሰጡ ሰምተናልና፣ መኖሩን በጊዜ ቢያዩት መልካም ነው።