ስምንት መቶ ግራም

ቦያካ፣ ማክሰኞ ጠዋት

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? የባሕሩ ሙቀት ተስማማዎት ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት «እግሬን እሺልኝ» እያሉ አክስቴን ያስቸግሯታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። የተሰበረው የትከሻዬ አጥንት ብርድ ሲበረታ ትንሽ ይጠዘጥዘኛል እንጂ ከዳነ ቆይቷል። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፣ ድንቹ አብቧል፣ የኤል ክሩሴሮ ዳገትም እንደሚያውቁት ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር። ግን በስልክ ከሆነ ገና ስጀምር «እሺ፣ እሺ፣ በርቺ» ብለው ይዘጉብኛል። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ።

ለብሔራዊው የተራራ ብስክሌት ውድድር ሁለት ወር ቀርቶናል። የቡድናችን ኃላፊ ዶን ኤፍራይን ባለፈው ወር ጠሩኝና አዲስ ፍሬም ምረጪ አሉኝ። የካርቦን ነው፤ ከኋላ ሞላ የሌለው፣ ለዳገት ተብሎ የተሠራ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሲያቀብሉኝ ደነገጥኩ። በሁለት ጣቴ አንጠለጠልኩት። አንድ ኪሎ ከመቶ ግራም ብቻ! ዶን ኤፍራይን ፊቴን አይተው «ምነው፣ እንዳይበርብሽ ፈራሽ?» ብለው ሳቁብኝ።

ትንሹን ነው ወይስ መካከለኛውን፣ እሱን ብቻ ንገሪኝ አሉ። እኔ ግን የእርስዎ ልጅ ነኝና ሳልሞክር አልመርጥም አልኳቸው። ያስተማሩኝን ሁሉ ጠየቅኩ፤ ከኮርቻው እስከ መሪው ስንት ነው፣ የፊቱን ጎማ የያዘው ፎርኬላ ምን ያህል ያጋደለ ነው፣ የኋላው ጎማ ከፔዳሉ ምን ያህል ይርቃል? እሳቸውም ወደ መካኒኩ ዞረው «ይቺ ልጅ ብስክሌት ነው የምትመርጠው ወይስ ባል?» አሉ።

ለማወዳደር በገዛ እጅዎ የበየዱት የብረት ፍሬም ያስፈልገኝ ነበር። የእኔው እንደሚያውቁት ተሰብሯል። ስለዚህ ወተት ሰብሳቢው ኡልዳሪኮ ዘንድ ሄድኩ። የሠሩለትን ፍሬም አሁንም አልጣለውም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወተት ጣሳ ጭኖበት፣ እሑድ ደግሞ ከአንጋፋዎቹ ጋር ይወዳደርበታል። «ውሰጂው፣ ግን ቀስ ብለሽ ንጂው፤ ወተት እንዳይደፋ ነው የለመደው» አለኝ።

ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጎማ አስገባሁ፣ ነፋሳቸውንም እኩል አደረግሁ። ከዚያ ኤል ክሩሴሮን በየተራ ሦስት ሦስት ጊዜ ወጥቼ ወረድኩ። ለእርስዎ ብዬ አልዋሽም፤ ዳገቱን በካርቦኑ አርባ ሴኮንድ ቀድሜ ወጣሁ። በእርስዎ ብረት ላይ የሚጨመረው ስምንት መቶ ግራም፣ አንድ ሙሉ የውሃ ኮዳ ማለት ነው፤ ጭን ይሰማዋል። ቁልቁለቱ ላይ ግን ካርቦኑ ድንጋይ በነካ ቁጥር ነጠረብኝ። ታች ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው ፍሬኑን መልቀቅ አቃተኝ። በእርስዎ ፍሬም ሃያ አምስቱን ሴኮንድ አስመለስኩ። ቢሆንም ተደምሮ ተቀንሶ ካርቦኑ በአሥራ አምስት ሴኮንድ ይበልጣል።

ነገሩ እዚህ ላይ ባለቀ ነበር። ብስክሌቱን ስመልስለት ግን ኡልዳሪኮ ኮርቻውን በመዳፉ እየጠረገ «የእኔው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምንም ሳይሆን፣ ያንቺው እንዴት በዓመቱ ለሁለት ተከፈለ?» ብሎ ጠየቀኝ። በክፋት አይደለም፤ ገርሞት ነው። እኔም መልሱን አላውቅም አልኩት።

አባባ፣ አውቃለሁ።

ያን ጊዜ፣ በወደቅሁበት ውድድር ዋዜማ፣ እርስዎ ቅዳሴ ሄደው ሳለ የኮርቻውን ዘንግ በወርክሾፕዎ የብረት ማጥበቂያ ሞርሳ ላይ አስሬ በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ክብደት ልቀንስ ብዬ፤ ለሠላሳ ግራም! «ከዚህ በላይ እንዳታወጪው» ብለው በነጭ ቀለም ያሰመሩልኝ ምልክት ከቁራጩ ጋር ሄደ። የቀረውን ፍሬሙ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ብቻ አስገብቼ አጠበቅሁት። በማግሥቱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬሙ ከሥሬ ተሰነጠቀ።

ሆስፒታል ተኝቼ ጠያቂው ሁሉ ስለ እርስዎ «የዶን ኤሊዮዶሮ ብየዳ ለቀቀ» ሲል ሰማሁ። ዝም አልኩ። ቡድኑ ሊቀበለኝ ነበር፤ ፍሬሟን በገዛ እጇ ያበላሸችን ልጅ ማን ይቀበላል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ ሥራ ያዘዙት ሰዎች አንድ በአንድ ቀሩ። እርስዎም ጉልበቴን ብርዱ አልቻለውም ብለው እሳቱን አጥፍተው ወደ ባሕሩ ወረዱ። ሻንጣዎን ተሸክሜ አውቶቡስ ድረስ የሸኘሁዎት እኔ ነኝ። ያኔም ዝም አልኩ። ይኸው አራት ዓመት።

ባለፈው ሐሙስ ግን የተሰበረውን ፍሬም ከግድግዳው አውርጄ ቴክኒክ ትምህርት ቤት፣ የብየዳ መምህሩ ማስትሮ ሊሳንድሮ ዘንድ ወሰድኩት። መርምረው ያዩትን በጽሑፍ እንዲሰጡኝ ነበር ሐሳቤ። ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥላቸው መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። «ይኼን ፍሬም አውቀዋለሁ» አሉኝ።

በወደቅሽ በሦስተኛው ቀን አባትሽ ይዞት መጥቶ ነበር አሉ። ብየዳው ምንም አልሆነም፤ የተቀደደው ቱቦው ነው፣ ልክ ዘንጉ ካለቀበት ቦታ። ሁለታችንም አይተናል። አባትሽ ዘንጉን ከውስጡ ስቦ አወጣ፣ የተቆረጠውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፣ ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ብብቱ ሥር ያዘው አሉኝ። ሲወጡም በሩ ላይ ቆመው፣ ለእኔ ሲሉ ለማንም እንዳይነግሩ የለመኗቸውን ቃል ነገሩኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ እርስዎ ያውቁታል።

ምን ያህል እንዳለቀስኩ እየጻፍኩ አላደክምዎትም። ያደረግሁትን ልንገርዎት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ብስክሌተኛው ሁሉ ዳቦ ቤቱ ፊት ቆሞ ትኩሱን የፓኔላ ስኳር ውሃ ሲጠጣ፣ የተሰበረውን ፍሬም ይዤ መሐላቸው ገባሁ። ማስትሮ የጻፉልኝን ወረቀት አነበብኩ። ዘንጉን የቆረጥኩት እኔ ነኝ፣ አባቴ አንዳች ጥፋት የለበትም አልኩ። ድምፄ ስላነሰ ከኋላ ያሉት «አልተሰማም!» ብለው ጮኹ፤ ስለዚህ ደግሜ መናገር ግድ ሆነብኝ። ኡልዳሪኮ ጣሳውን እያንኳኳ «እኔ አላልኩም? እኔ አላልኩም?» ይላል። የዳቦ ቤቷ ዶኛ አናቲልዴ፣ ለልጃቸው ያዘዙትን ፍሬም ከሁሉ ቀድመው የሰረዙት እሳቸው አይደሉ፣ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡና «አራት ዓመት ሙሉ ሳማው ኖሬ አሁን ይቅርታውን በየትኛው አድራሻ ልላክለት?» አሉኝ። አድራሻዎን ሰጥቻቸዋለሁ። ዝም ብለው ይቀበሏቸው።

ትናንት ደግሞ ዶን ኤፍራይን ዘንድ ሄድኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። «ማን ጠየቀሽ? የተረሳ ነገር ምን ያስቆፍርሻል?» ብለው ተቆጡ። ካርቦኑን አልፈልገውም፣ አባቴ በሚሠራልኝ ፍሬም ነው የምወዳደረው አልኳቸው።

«አሥራ አምስት ሴኮንድ ትጥያለሽ እኮ!»

በእግሬ ፈልጌ አገኛታለሁ አልኳቸው። የዘንድሮው ውድድር የሚያልቀው በድንጋያማ ቁልቁለት ነው፤ እዚያ ላይ እጁ ያልደነዘዘ ሰው ነው የሚቀድመው። እሳቸው ግን ቡድኑ የሚነዳው ቡድኑ የሰጠውን ነው፣ ካልሆነ ማሊያውን መልሺ አሉ። አጥቤ፣ ተኩሼ፣ ይዤው ነበር የሄድኩት። ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩት። የውድድሩ መመዝገቢያ ላይ ያለ ቡድን፣ በራሴ ስም ገብቻለሁ።

ይህን ሁሉ ያደረግሁት ለመካስ ብቻ አይምሰልዎት። ያ ካሳ በፍሬም የሚያልቅ አይደለም። ሁለቱንም ነድቼ፣ ሁለቱንም መዝኜ ነው የመረጥኩት።

አሁን የሚሠሩልኝን አዲስ ፍሬም ልክ ልንገርዎት። ከኮርቻው እስከ መሪው ከድሮው በሁለት ሴንቲ ሜትር ይርዘም፤ ሰውነቴ ተለውጧል። ፊቱን ትንሽ ያጋድሉት፣ ኋላውን ያሳጥሩት። ቱቦዎቹን ማስትሮ አግኝተውልኛል፤ ጫፋቸው ወፍሮ መሐላቸው የሳሳ፣ እርስዎ የሚወዷቸው ዓይነት። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ከዘጠኝ መቶ እንዳያልፍ፤ ካለፈ እጨቀጭቅዎታለሁ። ወርክሾፑን ከፍቼ ጠርጌዋለሁ፤ የብየዳውን ጋዝም አስሞልቻለሁ።

የሚመጣው ዓርብ ከሳንታ ማርታ የሚነሳ አውቶቡስ አለ። ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። ካልመጡ ራሴ ነኝ የምበይደው። ከሐሙስ ጀምሮ ማስትሮ ዘንድ እየተለማመድኩ ነው፤ እስካሁን ሁለት እጅጌ አቃጥያለሁ፣ ብየዳዬም የተረገጠ አባ ጨጓሬ ይመስላል። ማስትሮ አይተውት «በዚህ ላይ የአባትሽን ስም እንዳትጽፊበት» አሉኝ። እኔ ግን እጽፍበታለሁ።

አክስቴን በጣም አድርገው ሳሙልኝ። እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያጽናልኝ፣ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ መንገዱን ሁሉ ለጥ ያለ ሜዳ ያድርግልዎት። ብርዱ ቀንሷል ብዬ አልሸነግልዎትም፤ ወፍራሙን ኮት ይልበሱ። እምቢ የሚሉ ከሆነም በስልክ አልቀበልም። እዚሁ መጥተው፣ ፊት ለፊት እምቢ ይበሉኝ።

ሁለቱን እጆችዎን የምትስም፣
ልጅዎ