«ቤዝ ማን ይሰማል?» ላልከው ወንድሜ

ለምወድህ፣ በዚህ ሳምንት ግን ፊትህን ባላይ ለምመርጠው ወንድሜ ለጀላል፤

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ካርቶን ማንሳቱን ለመደው ወይስ ዛሬም ያጉረመርማል? ጀሊላ እንዴት ናት? ትንሿ ልጃችሁ ዊዳድ ጥርስ አወጣች? የሻርጃ ሙቀት በረድ አለላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ የደሴ ብርድ እንደ ዘመድ እየመጣ ይጠይቃታል። ሱቄም ደህና ነው፤ ሰኞ ገበያ ላይ መጽሐፍ የሚገዛ ባይኖርም ቆሞ የሚያነብ አልጠፋም። እኔም ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም።

ደብዳቤ በመጻፌ አትገረም። ለእረፍት የመጣው የሥራ ባልደረባህ በሺር፣ የድምፅ መልእክቶቼን በእጥፍ ፍጥነት እንደምታዳምጣቸው አጫወተኝ። በዚያ ፍጥነት ንዴቴ እንቁላል የጣለች ዶሮ ነው የሚመስለው አሉ። ወረቀት ግን አይሮጥልህም። በሺር ቅዳሜ ይመለሳል፤ ይህን በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንብበህ እስክትጨርስም ከአጠገብህ እንዳይነሳ «ወላሂ» አሰኝቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው እሑድ የቡድናችሁ ኪቦርድ ተጫዋች ምንይሉ ደወለና «እትዬ ኢንቲሳር፣ ወደ ኮምቦልቻ ብቅ በይ፤ የምሥራች አለ» አለኝ። የምሥራቹን በስልክ የማይናገር ሰው ምን ይዞ እንደሚጠብቅ ባውቅም ሄድኩ፤ ነገሩ የ«ሐረጎ» ነው ስላለኝ። ያንን ረጅም ሙዚቃችሁን ደሴ አዳራሽ ስትጫወቱት የቀዳሁት እኔ ነኝ። ስቱዲዮ የሚላት ክፍል ስደርስ ጊታር ተጫዋቿ እስከዳር ከምንይሉ ጎን ተቀምጣለች፤ ድራም መቺው ዑዘይር ከብየዳ ቤቱ በቀጥታ መጥቶ፣ ቱታውን እንኳ ሳይቀይር፣ በሩ አጠገብ ቆሟል። ድራም መቺ ቆሞ ሳይ ደስ አይለኝም። የተቀመጠ ሰው ነው መሆን ያለበት።

ምንይሉ አዲሱን «ሐረጎ» ከፈተልን። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የነበረው አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ሆኗል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ ያንን ሁሉ የሐረጎ መንገድ ጥምዝምዝ እየዞረ ደሴ የሚገባው ሙዚቃ አሁን በሄሊኮፕተር ነው የሚመጣው። ያንተ ቤዝ ጊታር የለም። በቦታው የኪቦርዱ ግራ እጅ አለ፤ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፤ ወንፊት ልትዋስ የመጣች ጎረቤት በር ስታንኳኳ ማለት ነው። የዑዘይር ድራምም የለም። በእሱ ቦታ ኪቦርዱ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የሰርግ ምት ገብቷል። «ጥር ሳይገባ እንለቀዋለን፤ አሁን ይጨፈርበታል» አለ ምንይሉ፣ ሙዚቃው እስከ ዛሬ ታሞ የቆየ ይመስል።

«በማን ፈቃድ?» አልኩት። ቡድኑን ስትመሠርቱ አራታችሁ የፈረማችኋትን ወረቀት አወጣ፤ ማንኛውም ሥራ የሚለቀቀው ከአራቱ ሦስቱ ሲስማሙ ነው የምትለዋን። «እኔ አንድ፣ እስከዳር ሁለት፣ ጀላል ሦስት» ብሎ በጣቱ ቆጠረ። ዑዘይርን አልጠየቀውም። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ «ጀላል ይህን አይልም» አልኩ። የእናቴ ልጅ፣ ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በነከስኩት! ምንይሉ ስልኩን አወጣና ድምፅህን ለቀቀው። «ኧረ ተወኝ ባክህ፣ እንደፈለጋችሁ አድርጉት፤ ቤዝ ማን ይሰማል?» ትላለህ። ትስቃለህም። ዑዘይር ስልኩን ትኩር ብሎ አየው። «ሌላ ያለው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀ። «የለም» አለው ምንይሉ። ዑዘይር ጓንቱን ከኪሱ አውጥቶ አጠለቀና ወጣ።

እስከዳርን በሩ ላይ ያዝኳትና «አንቺስ?» አልኳት። «እትዬ፣ ዛሬ ሰው አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የሚታገሠው የታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻ ነው» አለችኝ። ቀልዱ ጥሩ ስለነበር የበለጠ ተናደድኩ።

ማን እንደሚሰማ ጠይቀሃልና ልንገርህ። መጀመሪያ እኔ እሰማለሁ። ያንን ቤዝ ይዘህ ቤት ከገባህበት ቀን ጀምሮ በግድግዳ በኩል ስሰማህ የኖርኩ ነኝ። ፕሮግረሲቭ ሮክ ስለምትሉት ሙዚቃችሁም ሱቄ የገባውን ወረቀት ሁሉ አንብቤያለሁ፤ አብዛኛው ስለ ኪቦርድና ስለ ረጅም ፀጉር ነው። ጸሐፊዎቹም እንዳንተ ቤዝ ማን ይሰማል ብለው ይሆናል። እኔ ግን የሰማሁትን አውቃለሁ። «ሐረጎ» ላይ ምንይሉና እስከዳር ተሳፋሪ ናቸው። በመስኮት ያያሉ፣ ያደንቃሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዳንዴም ያስመልሳቸዋል። ዑዘይር መንገዱ ነው። አንተ ሞተሩ ነህ፤ ጭነት የሞላ አይሱዙ በአንደኛ ማርሽ አቀበቱን ሲይዝ ያለውን ድምፅ ነህ። ተሳፋሪ ደግሞ ሞተሩን ልብ የሚለው ሲጠፋ ነው።

ሰባት ምት ሄዳችሁ በስምንት ትዞራላችሁ፤ እንደገና ሰባት፣ እንደገና ስምንት። የምትጨመረዋ ምት ኩርባዋ ናት። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያች ኩርባ ላይ ጣቱን እያንጣጣ ችሎታውን ያሳየን ነበር። አንተ ዝም ትላለህ። ያቺን ዝምታ ዑዘይር በእግር ከበሮው ይረግጣታል። አንተ ባትተውለት መርገጫ የለውም፤ እሱ ባይረግጣት ያንተ ዝምታ ጉድጓድ ናት። እስከዳር የአምባሰልን ቅኝት ይዛ ወደ ላይ ስትወጣ አንተ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ከታችኛዋ ድምፅ ንቅንቅ አልልም ትላለህ፤ ልክ እንደ አባታችን። በዘጠነኛው ደቂቃ አንዲት እርምጃ ብቻ ወደ ታች ስትወርድ እኔም ከነወንበሬ አብሬህ እወርዳለሁ። የዑዘይር እጅ ደግሞ ከመንዙማ የመጣ እጅ ነው፤ ድቤ እየመታ ያደገ፣ ጭብጨባን የሚጠብቅ እንጂ የሚቀድም አይደለም። ድራም ላይ ተቀምጦም አይደበድብም፤ ሰው እስኪሰበሰብ ቦታ ይይዛል። ይህን ሁሉ በአንድ የኪቦርድ ቁልፍ እተካለሁ የሚል ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ፤ እናታችን ደብዳቤውን ታየው ይሆናል ብዬ ነው የተውኩት።

አሁን ምንይሉ «ብልሽት» ብሎ ወደ ቆረጣት ቦታ ልምጣ። ያን የቀዳሁበት ቀን፣ አንተና ጀሊላ ወደ ሻርጃ ልትሄዱ ሦስት ሳምንት ሲቀራችሁ፣ ደሴ አዳራሽ ውስጥ ከአሱር ሶላት በኋላ ስትጫወቱ፣ አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ለደሴ ይህ ዜና አይደለም። መጋረጃው ተዘግቶ ስለነበር ግን አዳራሹ ድቅድቅ አለ። ጊታሩ ሞተ፣ ኪቦርዱ ሞተ፣ ቤዝህ ሞተ። ዑዘይር ብቻ መብራት አይበላምና ቀጠለ። ሕዝቡም ማጨብጨብ ጀመረ። መቅጃዬ በባትሪ የሚሠራ ስለሆነ ሁሉንም ይዞታል፤ አርባ ሦስት ሰከንድ ነው። ከዚያ መብራት መጣ፤ ቤዝህም ከመብራቱ ጋር፣ ከዜማው መሀል፣ ትክክለኛዋ ምት ላይ ተገኘ። ምንይሉ ግን በድንጋጤ አንዱን ቁልፍ ነካና ኪቦርዱ የሰርግ ምቱን ለቀቀው። አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ እልል አለች።

ስለዚህ ሥራው ለጨፋሪ ታስቦ የተቆረጠ እንዳይመስልህ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ የተቆረጠው ያቺን እልልታ ለመቅበር ነው። ይባስ ብሎ ያን ቀን ያፈረበትን ምት ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አነጠፈበት። ሰው ከሃፍረቱ ሲሸሽ አይቻለሁ፤ ሃፍረቱን አከራይቶ ሊኖርበት ሲሞክር ያየሁት ግን ምንይሉን ነው።

ከስቱዲዮው ወጥቼ ዑዘይርን ብየዳ ቤቱ ድረስ ተከተልኩት። ጀላል፣ የድራሙ ሲምባል ማቆሚያ አንድ እግር ተቆርጦ የሰው በር መቀርቀሪያ ሆኗል። «ምን እያደረግህ ነው?» ስለው «ብረት ብረት ነው እኮ፣ እትዬ» አለኝ። ላጽናናው ብዬ «አብሽር፤ ያን ቀን በጨለማ ጀላልን ይዘህ ያወጣኸው አንተ ነህ፤ ሁላችንም እናውቃለን» አልኩት። የብየዳ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ከፍ አደረገና ሳቀብኝ። «እኔ?» አለ። «ወላሂ እኔማ በሁለተኛው ዙር ቆጠራው ጠፍቶኛል። ሰዉ የሚያጨበጭበው በአራት በአራት ነው፤ ጎትቶ ሊወስደኝ ነበር። እሱ ግን በሞተው ክር ላይ መጫወቱን አላቆመም። ጣቱን ሰማሁት፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እሱን ይዤ ነው የወጣሁት።» ከዚያ መነጽሩን መለሰና ሥራውን ቀጠለ። እኔም ብርሃኑን ላለማየት ዞርኩ ልበልህ።

ደሴ ተመልሼ ሱቄን ዘጋሁና ቅጂውን በማዳመጫ ሰማሁት። መቅጃውን ያስቀመጥኩት ከእግርህ ሥር ነበር፤ እህት ነኝና አድልቼ። አለ። ከድራሙና ከጭብጨባው በታች ጥፍር ክር ሲነካ ይሰማል፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ሰባት፣ ስምንት። በሁለተኛው ዙር የዑዘይር እግር ይደናቀፋል። ከዚያ ጣትህን ይፈልጋል። ያገኛል። መብራት በሌለበት፣ አምፕሊፋየር በሌለበት፣ ሦስት መቶ ሰው በሚያጨበጭብበት አዳራሽ ውስጥ ቤዝህን የሰማ ሰው አለ። ቤዝ ማን ይሰማል ብለህ የሳቅከው እሱ ፊት ነው።

በሺር ቤዝህ አልጋ ሥር እንደገባ ነግሮኛል። አሥር ሰዓት ካርቶን ያነሳ ጣት ክር መንካት እንደማያምረው አውቃለሁ። ምናልባትም እዚያ ሙዚቀኛ ነበርኩ ማለት የሚያስቅ ሆኖብህ፣ ሰው ሳይስቅብህ ቀድመህ መሳቅ ለምደህ ይሆናል። መድከም ሐራም አይደለም። ግን የደከምከው አንተ ነህ። በራስህ ድካም የዑዘይርን እጅ መቁረጥ የሚፈቅድ መጽሐፍ እስካሁን ሱቄ አልገባም።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ጥር ሳይገባ፣ ለሦስቱም በአንድ ላይ፣ «ፈቃዴን አንስቻለሁ፤ ‹ሐረጎ› እንደተጫወትነው ካልሆነ አይለቀቅ» ብለህ ላክ። ሁለት ለሁለት ስትሆኑ ወረቀታችሁ አይፈቅድም። ምንይሉ ይቆጣል፤ ይቆጣ። እልልታዋም አትቆረጥም፤ ደህና እልልታ ናት። ለእኔ ይቅርታ አትላክ፤ እኔ ድራም አልመታ፣ ምን አደርገዋለሁ? ለዑዘይር ደውል።

እናታችን «ጀላሌ ደህና አድርጎ ይብላ» ብላለች፤ ዱዓዋም አልተቋረጠም። ይህን ጉዳይ አልነገርኳትም፤ ለአንተ እንደምታደላ ስለማውቅ። ጎረቤታችን እትዬ ሸዋረጋ ሰላም ብለውሃል፤ አንተ ከሄድክ ወዲህ ብርጭቆዎቻቸው መንቀጥቀጥ ማቆማቸውን ነገሩኝ፤ ምስጋና ይሁን ናፍቆት አልለየሁትም። ለጀሊላ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ደብዳቤውንም እሷ ታንብበው፤ ፍርዷን አምናለሁ። ዊዳድን ሁለት ጉንጮቿን ሳምልኝ። ለበሺር ሰላምታ አልላክሁም፤ ከፊትህ ቆሟል።

ዑዘይር ትናንት ብረት ሊገዛ ወደ ደሴ ወጥቶ ሱቄ ጎራ ብሎ ነበር። «ወደ ሻርጃ የሚሄድ ሰው አለ፤ ሰላም ልበልልህ?» አልኩት። አንድ መጽሐፍ አንስቶ ገለጠ፤ አላነበበውም። «አትበይልኝ» አለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ስልኬን ግን ስበይድም ኪሴ ውስጥ ነው የማደርገው» አለኝ።

እህትህ ኢንቲሳር
ደሴ፣ ሰኞ ገበያ
ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.