በባጃጅ ባትሪ የሚታሰር ኒካህ

ልጄ ኢቅራ፣ አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ። አላህ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይጋርድሽ፤ የረገጥሽው ይለምልምልሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው አፍርቷል፣ ወፍ ብቻ አስቸግሮናል። ጊደሯም ወልዳለች።

ባለፈው ጁምዓ ኒካህሽ በቪዲዮ ስልክ ሊታሰር፣ «ልጄን ድሬልሃለሁ» ልል አፌን ስከፍት መብራት ሄዶ ዋይፋዩ ድርግም ማለቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። አጎትሽ ሙህዲን «እዚያ ላለ ሰው ውክልና ስጥና ተገላገል» አለኝ። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላት፣ የተወችልኝ አንድ ልጅ አንቺን ነው፤ አንቺን በሰው አፍ አልድርም አልኩት።

ከባጃጅ ሹፌሩ ከበድረዲን የተረፈ ባትሪ ወሰድኩ። «አባባ፣ ዋይፋይ ነድተው ዋጃ ከተማ ሊወርዱ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። መልሶ ግን ሽቦውን አብሮኝ ቀጠለ፤ ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር። መብራት ሲኖር ባትሪው ይሞላል፤ ሲጠፋ ዋይፋዩ ከባትሪው ይጠባል።

ትናንት ቆቦ በሙሉ መብራት ሲያጣ የኔው ዋይፋይ አረንጓዴ ዓይኑን አፍጥጦ ዋለ። ጎረቤቱ ስልኩን ይዞ ደጄ ላይ ተኮለኮለ። ሙህዲንም የይለፍ ቁጥሩን ሊጠይቅ መጣ። «ወኪል ላክ፣ ለሱ እነግረዋለሁ» አልኩት።

እንግዲህ የፊታችን ጁምዓ ከሶላት በኋላ ደውይ። ለሙሽራው አንድ ነገር ንገሪልኝ፦ «ተቀበልኩ» ለማለት አይቸኩል፤ ቃሌን ሳልጣደፍ እስከ መጨረሻው ልናገረው እፈልጋለሁ።

አላህ ትዳርሽን ያስምርልሽ፣ ልጅ ወልደሽ ለመሳም ያብቃሽ።

አባትሽ እንድሪስ